የታመመው ይሄኛው ጉንጬ ነው

በጌታ የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ስሜ አርየት ነው። እዚሁ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ከአክስቴ ጋር እኖራለሁ፤ የኮሌጅ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ብዙዎቻችሁ ፊቴን አይታችሁ ከጨዋነታችሁ የተነሳ ሳትጠይቁኝ ቀርታችኋል። ዛሬ ሳትጠይቁኝ ልነግራችሁ ነው የቆምኩት። ሰው ፊት ስቆም ቃል ስለሚጠፋብኝ ጽፌ መጥቻለሁ፤ ሳነብ ብንተባተብ ታገሱኝ። ጌታ ያደረገልኝን ይዤ ዝም ብዬ መቀመጥ ግን ከዚህ በላይ አልቻልኩም። ስሙ ይባረክ።

ከመጀመሪያው ልጀምር። የተወለድኩት ጋምቤላ ነው። እናቴ ያረፈችው እኔ ገና ነፍስ ሳላውቅ ነው። አባቴ አሳደገኝ፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስ የእናቴ ታላቅ እህት፣ አክስቴ አክዋታ፣ ልጄን ላክልኝ ብላው ወደ አዲስ አበባ መጣሁ። ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፤ እዚያ በመስኮቱ በኩል የተቀመጠችው ናት። አክስቴ ጌታን ካገኘች ቆይታለች። እኔ ግን ቤተ ክርስቲያን የምመጣው ለበዓል ብቻ ነበር፣ እሱም አዲስ ልብስ ካለኝ ነው። ጌታን ጠልቼው አይደለም። እንደ ሩቅ ዘመድ ነበር የማስበው፤ መኖሩን አውቃለሁ፣ የሚያገናኘን ጉዳይ ግን አልነበረም።

ቅዱሳን፣ ጋምቤላ እያለሁ ጥቁር መሆኔን አላውቅም ነበር ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? በቤታችንም በሰፈራችንም እንደኔ የሆነ ሰው ሞልቷል፤ ታዲያ ማን ይነግረኛል? የነገረኝ አዲስ አበባ ነው። መጀመሪያ የገረመኝ ሰው ሁሉ በእንግሊዝኛ የሚያናግረኝ ነገር ነበር። የታክሲው ረዳት ሌላውን ሁሉ በአማርኛ ሒሳብ ጠይቆ እኔ ጋ ሲደርስ ቋንቋውን ይቀይራል። እኔም በአማርኛ ስመልስለት ከፊት የተቀመጡት ዞር ብለው ያዩኛል። አማርኛዋ ደስ ሲል፣ ይላሉ። ክፋት የለበትም፤ ምርቃት መስሏቸው ነው። እኔ ግን ከታክሲው ስወርድ በገዛ አገሬ እንግዳ ሆኜ እወርዳለሁ።

ኮሌጅ ከመግባቴ በፊት አጭር የመስተንግዶ ሥልጠና ወሰድኩና ወሎ ሰፈር አካባቢ ባለ አንድ ሆቴል በአስተናጋጅነት ተቀጠርኩ። ስሙን አልጠራውም፤ ሰው ላማ አልመጣሁም። ሆቴሉ ትልቅ የሰርግ አዳራሽ አለው። ሥራ አስኪያጁ አቶ ሙሉጌታ ይባላሉ፤ ለፈተና ትሪ አስይዘው ደረጃ ሲያስወጡኝና ሲያስወርዱኝ አንድ ብርጭቆ አልተንቀሳቀሰም። አንቺ ተፈጥሮሽ ነው ብለው እዚያው ቀጠሩኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ ጌታ ያውቃል። ለአክስቴ ደውዬ የአዳራሽ አስተናጋጅ ሆኛለሁ አልኳት።

በዚያ ሆቴል ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ወግ አለ። ሙሽሮቹ ከመድረሳቸው በፊት የአዳራሹ ሴቶች ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ለብሰው በሩ ላይ በሁለት ረድፍ ይቆማሉ፤ ለእንግዶች አበባ ይሰጣሉ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ ይላሉ። ረድፉን የምታስይዘው የአዳራሽ ኃላፊዋ ቤቲ ነበረች። በመጀመሪያው ቅዳሜ ቀሚሴን ለብሼ፣ ፀጉሬን ተሠርቼ ረድፉ ውስጥ ቆምኩ። አቶ ሙሉጌታ ረድፉን እያዩ መጡና እኔ ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ። ወደ ጎን ወሰዱኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “አርየት፣ በሥራሽ ምንም የለኝም። ግን የሰርግ ቤት ነው፣ ቪዲዮ አለ፤ ደንበኛ ደግሞ ታውቂዋለሽ። ለዛሬ ጓዳ ሆነሽ ዕቃ ማጠቢያውን አግዢልን” አሉኝ።

ለዛሬ አሉኝ እንጂ የሚቀጥለውም ቅዳሜ እንደዚያው ሆነ፤ ከዚያ የቀጠለውም። ቀሚሱን ይዤ እሄዳለሁ፣ ሳልለብሰው እመለሳለሁ። ዘፈኑንና እልልታውን ከሳህን ድምፅ ጋር እሰማለሁ እንጂ ሙሽራ አላይም።

አንድ ቀን ደፍሬ ጠየቅኳቸው። ጥቁር ስለሆንኩ ነው ወይ አልኳቸው። አቶ ሙሉጌታ ከልባቸው ደነገጡ። “ኧረ በስመ አብ! እኛ ኢትዮጵያውያን ዘረኝነት አናውቅም፤ እሱ የፈረንጅ በሽታ ነው። የደንበኛ ምርጫ ነው እንጂ ለእኔ ሁላችሁም ልጆቼ ናችሁ” አሉኝ። ያሉትን አምነውበት ነው የሚሉት። እኔም ወደ ሳህኖቼ ተመለስኩ።

ወገኖቼ፣ የሥራ ባልደረቦቼ ክፉ ነበሩ እንዳትሉ። ክፉ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። ምሳ የምንበላው በአንድ ትሪ ነው፤ እነሱ ያጎርሱኛል፣ እኔም አጎርሳለሁ። ሲያመኝ ዝንጅብል ቀቅለው ያመጡልኛል። ነገር ግን መብራት በጠፋ ቁጥር ሳሚ የሚባለው አስተናጋጅ፣ “አርየትዬ፣ እባክሽ ሳቂልን፣ የት እንዳለሽ እንወቅ” ይላል። ጓዳው በሙሉ ይስቃል። እኔም እስቃለሁ። ታውቃላችሁ፣ የዚህ ከተማ መብራት ደግሞ አንድ ቀን ጠፍቶ አንድ ወር የሚያርፍ አይደለም። አብራችሁ ከምትበሉት ሰው ጋር በምን ትጣላላችሁ? ቤት ስገባ ግን ጉንጬን ያመኝ ነበር፤ ሳልፈልግ ከመሳቅ ብዛት።

ስለ ቤቲ ልንገራችሁ። ቤቲ በዚያ ሆቴል ውስጥ ከሁሉ በላይ የምታዝንልኝ ሰው ነበረች። አንድ ቅዳሜ ጓዳ ገብታ እንባዬን ስጠርግ አየችኝ። አጠገቤ ተቀመጠችና፣ “አንቺ፣ ስሚኝ፤ እኔ ስቀጠር እንዲህ ቀላ ያልኩ መሰለሽ?” አለችኝ። ከቦርሳዋ ምንም ጽሑፍ የሌለበት ትንሽ ነጭ ዕቃ አወጣች። ቦሌ አንድ የመዋቢያ ሱቅ ውስጥ ተቀላቅሎ የሚሸጥ ቅባት ነው። እሷም ስትቀጠር ጠይም ስለነበረች ከረድፉ መጨረሻ ነበር የምትቆመው። ይሄን መቀባት ከጀመረች በኋላ ወደ ፊት መጣች፣ ቆይታም ኃላፊ ሆነች። “ለእህቴ የማልሰጣትን አልሰጥሽም” ብላ እጄ ውስጥ አስቀመጠችው። በፍቅር ነው የሰጠችኝ። ይሄን በደንብ እንድትሰሙልኝ እፈልጋለሁ።

ለአክስቴ አልነገርኳትም። ስተኛ እቀባለሁ፣ ጠዋት ታጥቤ እወጣለሁ። መጀመሪያ ትንሽ ያሳክከኝ ነበር፤ ከዚያ ፊቴ መቅላት ጀመረ። ሆቴል ውስጥ ሁሉም አስተዋለ። ሳሚ እንኳ መብራት ሲጠፋ የሚለውን አጣ። አቶ ሙሉጌታ አንድ ቅዳሜ ጓዳ ብቅ ብለው አዩኝና፣ አርየት እንዴት አምሮብሻል፣ በይ ቀሚስሽን ልበሺ አሉ። ቅዱሳን፣ የደስታዬን ነገር አልደብቃችሁም፤ በዚያ በር ላይ አበባ ይዤ ስቆም ሙሽራዋ እኔ የሆንኩ ነው የመሰለኝ። ለሁለት ሦስት ሰርግ ቆምኩ። በቪዲዮውም ላይ አለሁ።

ከዚያ ፀሐይ መጣ። ከአራብሳ ጠዋት ለአውቶቡስ ሰልፍ ስንቆም ፀሐይዋ ከፊት ለፊት ነው የምትመታን፤ የምትሰለፉ ታውቁታላችሁ። አንድ ጠዋት ሰልፍ ላይ ቆሜ ፊቴ እንደ እሳት ነደደ። እስከ ከሰዓት አበጠ። በማግሥቱ ቆዳዬ ይላጥ ጀመር። እብጠቱ ሲወርድ መስታወት አየሁ፤ ግንባሬና ግራ ጉንጬ ሮዝ መስለው ቀልተዋል፣ ቀኝ ጉንጬና አገጬ ደግሞ ከድሮው ጥቁረታቸው ብሰዋል። የሁለት ሰው ፊት ነበር። ሥራ ቦታ ስሄድ አቶ ሙሉጌታ ፊታቸውን አዞሩ፤ ከጥላቻ ሳይሆን ስላሳዘንኳቸው ነው። እስኪሻልሽ ቤት እረፊ አሉኝ። ካልተሻለኝስ ብዬ ስጠይቃቸው፣ እስኪ እናያለን አሉ። ያ ምን ማለት እንደሆነ ሥራ የያዘ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ነጠላ ተከናንቤ ቤት ገባሁ። አክስቴ ነጠላውን ከላዬ ገለጠችው። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ አልተቆጣችም። አየችኝና በቋንቋችን ቀስ ብላ፣ “እህቴ ከሞተች በኋላ እሷን የማያት ባንቺ ፊት ላይ ነበር። ለምን ፋቅሽብኝ?” አለችኝ።

ወደ ወጥ ቤቱ ገብታ ውኃ ስትከፍት ሰማሁ፤ ማልቀሷን እንዳልሰማ ነው። የእናቴን ፊት እኔ አላስታውሰውም። አንዲት ፎቶ ብቻ አለችን፣ ሳሎን ቴሌቪዥኑ አጠገብ። ያን ቀን ፎቶዋን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

አክስቴ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ዶክተሯ ወጣት ናት፤ ዕቃውን ከፍታ አሸተተችና ራሷን ነቀነቀች። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፊት ላይ ሊነካ የማይገባው መድኃኒት ተቀላቅሎበታል፣ ቆዳሽን አቅጥኖታል፣ ለዚህ ነው ፀሐይ ያቃጠለሽ አለችኝ። ቅባቱን እንዳቆም ነገረችኝ፣ ሌላ መድኃኒትና የፀሐይ መከላከያ አዘዘችልኝ። ቁስሉ ይድናል፣ ቀለሙን ግን ቃል አልገባልሽም፤ የሚመለስ አለ፣ የማይመለስም ሊኖር ይችላል አለችኝ። እኔም ፊቴ አንድ ዓይነት ይሆን ዘንድ የሚደረግ ነገር ካለ ብዬ ጠየቅኳት።

“ወደ የትኛው?” አለችኝ።

አክስቴ አጠገቤ ነበረች። አልመለስኩም። በልቤ ግን መልስ ነበረኝ፤ ወደ ቀዩ ነው። ይሄን ሁሉ ካሳለፍኩ በኋላም፣ ወንድሞቼ፣ መልሴ ያ ነበር። ሥራዬን የማገኘው በዚያኛው ፊት እንደሆነ አይቻለሁና።

ከዚያ በኋላ ቤት ተዘግቼ ተቀመጥኩ። አክስቴ ረቡዕ ከሰዓት የጸሎት ፕሮግራም አለ፣ ነይ ለድውያን ይጸለያል እያለች ትለምነኝ ነበር። እምቢ ስላት ቆየሁና አንድ ረቡዕ እሺ አልኳት። ጌታን ፈልጌ አልመጣሁም። ዶክተሯ ያልቻለችውን እሱ እንዲጨርስልኝ ነበር የመጣሁት። የቀረውን ጥቁር ካነሳልኝ ፊቴ አንድ ይሆናል፣ ወደ አዳራሹም እመለሳለሁ ብዬ አሰብኩ። የመጣሁት እዚሁ ጸሎት ቤታችን ነው፤ ያኔ ቆርቆሮው ገና ኮርኒስ አልነበረውም። በስተቀኝ በኩል መጨረሻ ላይ ቆምኩ። የሚጸለይላችሁ ወደ ፊት ኑ ሲባል አክስቴ ጀርባዬን በእጇ ደግፋ ወደ ፊት ወሰደችኝ።

እህት አልማዝ መጡ። እህት አልማዝን የማያውቅ እዚህ የለም፤ ሲጸልዩ ቤቱ ይናወጣል። ይሄን ታሪክ እንድናገር የፈቀዱልኝ እሳቸው ራሳቸው ናቸው፤ እንዲያውም ከእኔ በላይ የጎተጎቱኝ እሳቸው ናቸው። ነጠላዬን ገለጥ አድርገው ፊቴን አዩ፣ በጣም አዘኑ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። ከዚያ መዳፋቸውን በቀኝ ጉንጬ ላይ፣ ጥቁሩ ላይ አሳረፉና መጸለይ ጀመሩ። “ጌታ ሆይ፣ ይህን ጥቁረት ከዚች ልጅ ፊት ላይ አንሳ! ጥቁረት ሆይ፣ በኢየሱስ ስም ልቀቅ! ከዚህ ፊት ላይ ውጣ!” በዙሪያችን የቆሙት ሁሉ አሜን አሉ። ልቀቅ ሲሉ አሜን፣ ውጣ ሲሉ አሜን።

ቅዱሳን፣ የፈለግኩት ልክ እሱን ነበር። ቃል በቃል የልቤን ልመና ነበር የጸለዩልኝ። አሜን ልል አፌን ከፈትኩ። አሜን ግን አልወጣም።

እስከዚያች ሰዓት ድረስ ጥቁረቴን ብዙ ሰው ቀልዶበታል፣ ብዙ ሰው አዝኖለታል፣ እኔም ፍቄዋለሁ። በእግዚአብሔር ፊት ግን እንደ አጋንንት ውጣ ሲባል የሰማሁት ያን ቀን ነው። እና በጀርባዬ ላይ የነበረው የአክስቴ እጅ ሲደርቅ ተሰማኝ። ዞሬ አየኋት። አክስቴ፣ ለሁሉም ጸሎት ከሰው ቀድማ አሜን የምትለው አክስቴ፣ አፏን ዘግታ መሬት መሬት ታያለች። የእሷም ፊት እኮ ያው ነው። የእናቴም ያው ነው። ውጣ የተባለው ከእኔ ጉንጭ ላይ ብቻ አልነበረም።

ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፣ የእህት አልማዝን እጅ ያዝኩት። ጸሎታቸውን አቋረጡ። “እህት አልማዝ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እጅዎ ያረፈበት አልታመመም። እሱ እኔ ነኝ። የታመመው ይሄኛው ጉንጬ ነው” አልኳቸውና እጃቸውን አንስቼ ወደ ግራ፣ ወደ ቀላው ጉንጬ አዞርኩት።

እህት አልማዝ እኔን አዩ፣ ከዚያ አክስቴን አዩ። ስንት ዓመት አብረዋት የጸለዩ፣ ቤቷ የበሉ የጠጡባት ሴት ናት። አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። “ልጄ፣ እኔ ቁስል ነው ያልኩት እኮ... ሳይሽ በሽታ የመሰለኝ ጥቁሩ ነው” አሉ፤ ከዚያ ወደ አክስቴ ዞረው፣ “አክዋታ፣ እህቴ፣ ስንት ጊዜ ዝም ብለሽኛል?” አሏት። አክስቴ እጃቸውን ያዘች።

ሌላ ሰው ቢሆን ለማሳሰቢያው አመስግኖ ጸሎቱን ይቀጥል ነበር። እህት አልማዝ ግን፣ ጌታ ይባርካቸው፣ አልቀጠሉም። እንደ ልጅ አንገታቸውን ደፍተው፣ “እሺ፤ ምን ብዬ ልጸልይልሽ?” ብለው ጠየቁኝ።

እስከዚያ ቀን በሕይወቴ ጸልዬ አላውቅም ነበር። አዲስ አበባ ከመጣሁ ጀምሮ ማን ምን እንደሚያመኝ ጠይቆኝ ያውቃል? ሁሉም የሚያመኝን አውቆልኝ ነው የሚመጣው። ደንበኛው ያውቃል፣ አቶ ሙሉጌታ ያውቃሉ፣ ቤቲ ታውቃለች። የጠየቁኝ የመጀመሪያዋ ሰው እህት አልማዝ ናቸው፤ እሳቸው ሲጠይቁኝ ግን ጌታ ራሱ የጠየቀኝ ያህል ነው የሰማሁት። እኔም እንደ ሩቅ ዘመድ ሳስበው የኖርኩትን ጌታ፣ ይቅር በለኝ፣ የሰጠኸኝን ጥያለሁ፣ እባክህ መልስልኝ አልኩት። ያችን ያህል ናት ጸሎቴ። ከዚያ አለቀስኩ፤ አክስቴም አለቀሰች፣ እህት አልማዝም እጃቸው በቀላው ጉንጬ ላይ እንዳለ አለቀሱ። በዚያው ቀን ሕይወቴን ለጌታ ሰጠሁ። ሃሌሉያ። ክብር ለስሙ ይሁን።

በማግሥቱ ተነስቼ ፊቴ ድኖ አገኘሁት አልላችሁም፤ እንደዚያ አልሆነም። የዶክተሯን መድኃኒት ተቀባሁ፣ ለፀሐይ ጃንጥላ ያዝኩ፣ በየቀኑም አክስቴ እጇን በግራ ጉንጬ ላይ አድርጋ ጸለየችልኝ። ቁስሉ ሻረ። ከዚያ አንድ ጠዋት አክስቴ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞረችና ጮኸች። በቀላው ዳር ዳር ጥቁሩ መመለስ ጀምሮ ነበር። እንደ ጥላ ከጠርዙ ወደ ውስጥ፣ ቀስ እያለ ገባ። ሰው ፊቱ ቢቀላ ደስ የሚለው ከተማ ውስጥ እኛ ቤት መጥቆሬን እያየን እልል እንል ነበር። ዶክተሯ ስታየኝ፣ “ያልጠበቅኩትም ቦታ ላይ ተመልሷል፤ ጥሩ ቆዳ ነው ያለሽ” አለችኝ። ጥሩ ቆዳ ነው ያለሽ ስባል ያ የመጀመሪያዬ ነበር። አክስቴ መንገዱን በሙሉ ደገመችው።

ወደ ሆቴሉ ተመለስኩ። አቶ ሙሉጌታ በመዳኔ ከልባቸው ተደሰቱ፣ አቀፉኝ፣ እና ጓዳ ሰው ስለጎደለን በጊዜ መጣሽ አሉኝ። ግን በጸሎት ያገኘሁትን እዚያ ጥዬው መግባት አልቻልኩም። “አቶ ሙሉጌታ፣ ክፉ ሰው ነዎት አልልም። ግን የተቀጠርኩት ለአዳራሽ ነው። ቅባቱን ስቀባ አዳራሽ አስገቡኝ፣ ስተወው ጓዳ ግቢ አሉኝ። ትሪ አያያዜ አልተለወጠም። የተለወጠውን እርስዎ ይንገሩኝ” አልኳቸው። አቶ ሙሉጌታ ስለ ደንበኛ ሊነግሩኝ ጀመሩና መሃል ላይ ተዉት። አስብበታለሁ አሉ። ለቅዳሜም ምንም ሳይሉኝ ቅዳሜ ደረሰ።

ቅዳሜ ጓዳ ሳህን እያደራረቅኩ ሳለሁ ቤቲ መጣች። የሐበሻ ቀሚሴን በእጇ ይዛለች። ልበሺ አለችኝ። አቶ ሙሉጌታስ ስላት፣ “ረድፉን የማስይዘው እኔ ነኝ” አለች። እጄን ይዛ ወሰደችኝና ከሁሉ ፊት፣ በሩ ላይ አቆመችኝ። አበባውን ሰጠችኝ። አቶ ሙሉጌታ ከውስጥ ብቅ አሉ፣ እኔን አዩ፣ ቤቲን አዩ፣ አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። የመኪና ጡሩምባ ተሰማ፤ እንግዶቹ ደረሱ።

ወገኖቼ፣ ያን ሁሉ ጊዜ የፈራነው ደንበኛ ያ ነው። ለእሱ ብዬ ነው ፊቴን የላጥኩት፣ ቤቲም የእሷን የላጠችው። ከመኪናው መጀመሪያ የወረዱት የሙሽራው አክስት ናቸው፣ በቀጥታ ወደ እኔ መጡ። አበባውን ተቀበሉኝና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ “የኔ ልጅ፣ ሽንት ቤቱ በየት በኩል ነው?” አሉኝ።

ግድ የለም ሳቁ፣ ቅዱሳን፤ ያን ቀን እኔም እውነተኛ ሳቅ ነው የሳቅኩት። አሳየኋቸው። ከኋላቸው የመጡትም አበባቸውን ተቀበሉ፣ አመሰገኑ፣ ገቡ። ቪዲዮውም ተቀረፀ። ማንም ሰርጉን ጥሎ አልሄደም። ጌታ ይመስገን።

ሁሉም ነገር በዚያ ቀን ተስተካከለ ብዬ አልዋሻችሁም። አቶ ሙሉጌታ ዛሬም ትልልቅ ሰዎች የሚመጡበት ሰርግ ሲኖር ጓዳ ሰው የጎደለ ይመስላቸዋል፤ እኔም ዛሬም በአክብሮት እጠይቃቸዋለሁ። አንዳንድ ቅዳሜ እሺ ይላሉ፣ አንዳንድ ቅዳሜ አይሉም። ታክሲ ላይም እስካሁን በእንግሊዝኛ ነው ሒሳብ የምጠየቀው። ሳሚ ግን፣ መብራት ሲጠፋ ያቺን ቀልድ ጀምሮ ቤቲ ስታየው በመሃል ተዋት፤ ከዚያ ወዲህ ሻማ ነው የሚያመጣው።

ከሁሉ በላይ የማመሰግንበትን ለመጨረሻ አስቀመጥኩት። ከዚያ ሰርግ በኋላ ቤቲ ጓዳ ገባችና ፊቷን በውኃ ታጠበች። ከኮስሜቲኩ በታች ያለውን ፊቷን አይቼው አላውቅም ነበር። ቆዳዋ ሳስቷል፣ ቀያይ ሥሮች ይታያሉ። “ያቺ ዶክተር የት ነው ያለችው?” አለችኝ። አብሬያት ሄድኩ። እሷ ከእኔ ይልቅ ረጅም ጊዜ ተቀብታለችና መንገዱ ረዝሟል፤ ገና ነች። ዛሬ ግን እዚህ ከአክስቴ አጠገብ ተቀምጣለች። ስሟን እንድጠራ ፈቅዳልኛለች። ቤቲዬ፣ በፍቅር የሰጠሽኝን በፍቅር ነው የምመልስልሽ።

ከግራ ጆሮዬ በታች አሁንም አንዲት የቀላች ቦታ አለች። ዶክተሯ እሷ አትመለስ ይሆናል ብላኛለች። ጸልዬባታለሁ፤ አሁንም እጸልይባታለሁ። ብትመለስም ባትመለስም የማመሰግነው ያንኑ ጌታ ነው፤ መልስልኝ ያልኩትን ፊቴን ብቻ ሳይሆን እናቴንም መልሶልኛልና። አሁን ሳሎን ስገባ ፎቶዋን ቀና ብዬ አያታለሁ። እንመሳሰላለን።

እናንተስ? በሥራ ቦታችሁ በመልካችሁ፣ በአነጋገራችሁ፣ በመጣችሁበት አገር ምክንያት ጓዳ የገባችሁ ትኖራላችሁ። ጌታ የሠራውን ነገር ከላያችሁ ላይ እንዲነሳ ስትለምኑ የኖራችሁም ትኖራላችሁ፤ እኔ እንደ እናንተ ነበርኩ። እመኑት። እሱ ቀርቦ የሚያመንን ይጠይቃል እንጂ አይቶ አይፈርድም። እህት አልማዝ አሁን ወደዚህ ሊመጡ ነው። ከዚያ ረቡዕ ወዲህ በማንም ላይ እጃቸውን ሳይጭኑ በፊት፣ የቱ ጋ ነው የሚያምህ፣ የቱ ጋ ነው የሚያምሽ ብለው ይጠይቃሉ። ኑ። ሲጠይቋችሁ አትፈሩ፤ እጃቸውን ይዛችሁ አሳዩዋቸው።